የሲጋራ ማቆሚያ መድኃኒት ሙከራ በሰሜን ሸዋ ሲታቀድ

ሲጋራ ለማቆም የሚረዱ ክኒኖች ጥቂት ናቸው። ቫረኒክሊን እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዶ በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከዕፅዋት የሚገኘው ሳይቲሲን ደግሞ ቡልጋሪያ ውስጥ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያገለግላል። ሁለቱም አንጎል ውስጥ ኒኮቲን የሚያርፍበትን ቦታ ይይዛሉ፤ በከፊል ስለሚያነቃቁት አምሮቱ ይቀንሳል፣ የተለኮሰው ሲጋራም እንደ ድሮው አያረካም።

አዲስ መድኃኒት ለመሞከር የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታና የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ተሳታፊዎች በዕጣ ይደለደላሉ፤ ግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ግማሾቹ መልኩ አንድ የሆነ፣ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ክኒን ይወስዳሉ። የማን የትኛው እንደሆነ ሐኪሙም አያውቅም፤ ሲጋራ ለማቆም የሚሰጠው ምክር ግን ለሁሉም እኩል ነው። ከማስመሰያው ወገን 10፣ ከመድኃኒቱ ወገን 20 በመቶ ያቆማሉ ተብሎ ከተገመተ በየወገኑ 200 ሰው ገደማ ያስፈልጋል፤ ከክትትል የሚጠፉት ሲታሰቡ 250። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ሲጋራ የሚያጨሱት ከ100 ጎልማሶች 4 እንኳ አይሞሉም ነበር። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ብቻ ተቀምጦ ቁጥሩን መሙላት ይከብዳል፤ በደሴ መንገድ ያሉትን ሸዋሮቢትንና አጣዬን መጨመር ይገባል።

ትልቁ ፈተና «አቁሜያለሁ» የሚለውን ቃል ማረጋገጥ ነው። የተለመደው መንገድ ትንፋሽ ለ15 ሰከንድ ተይዞ መለኪያው ውስጥ ሲነፋ የሚታየው የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን ነው፤ ከ10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 10 እጅ) በታች ከሆነ አላጨሰም ይባላል። ደጋው ላይ ግን ይህ ያሳስታል። መንዝም ሆነ ደብረ ብርሃን ዙሪያ በኩበትና በእንጨት በሚነድበት ጭስ የሞላው ቤት ያደረ ሰው፣ ሲጋራ ሳይነካም ቁጥሩ ሊያሻቅብ ይችላል። በተቃራኒው ጋዙ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ባለ ጊዜ ውስጥ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ማታ አጭሶ ጠዋት ሳያጨስ የመጣ ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ መፍትሔው ኒኮቲን ሰውነት ውስጥ ሲፈርስ የሚገኘውን ኮቲኒን በምራቅ ወይም በሽንት መመርመር ነው፤ የማገዶ ጭስ አይነካውም፣ ለቀናትም ይቆያል። ሱረት ግን ከፍ ስለሚያደርገው አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው። የሚሞከረው የኒኮቲን ማስቲካ ወይም ፕላስተር ከሆነም ይህ ምርመራ አይጠቅምም።

ሁለተኛው ችግር ጾም ነው። ለምሳሌ ቫረኒክሊን ለመጀመሪያ 3 ቀን 0.5 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ፣ ለቀጣዩ 4 ቀን ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ 1 ሚሊ ግራም ሁለት ጊዜ እስከ 12ኛው ሳምንት ይወሰዳል፤ ሲጋራው የሚቆመው በ8ኛው ቀን ነው። ከምግብ በኋላ በብርጭቆ ሙሉ ውሃ ካልተዋጠ ያቅለሸልሻል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ጠዋት በባዶ ሆዱ ከዋጠው፣ አቅለሽልሾት ያቋርጠዋል፤ ጥናቱም ጥፋቱን መድኃኒቱ ላይ ይጥለዋል። የረመዳን ጾምም እንዲሁ። ስለዚህ የጾም ቀን አወሳሰድ በፕሮቶኮሉ (በጥናቱ የጽሑፍ ዕቅድ) ውስጥ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ነርሷ በየቀጠሮው በራሷ እንድትወስን መተው የለበትም።

ጫትም ይታሰብ። ሲቅም ካልሆነ የማያጨስ ሰው ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለው ከሌላው ይልቅ በምርቃናው ሰዓት ወደ ሲጋራው ይመለሳል። ቃሚዎች አንድ ወገን ላይ እንዳይከማቹ ዕጣው ለቃሚና ለማይቅም ለየብቻ ይጣላል።

ክትትሉ ቢያንስ 6 ወር ይፈጃል፤ ቀጠሮው ከገበያ ቀን ጋር ቢገጥም፣ የአንድ ዘመድ ስልክም ቢመዘገብ የሚጠፋው ያንሳል። የጠፋው ሰው እያጨሰ እንዳለ ተደርጎ ይቆጠራል።