ስኮትላንድ፦ የዜግነት ብሔርተኝነትና የስደተኞች ጉዳይ

ስኮትላንድ የዩናይትድ ኪንግደም አካል የሆነች፣ 5.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት ትንሽ አገር ናት። የራሷ ፓርላማ አላት። ማን ይግባ፣ ማን ይባረር የሚለው ግን የለንደኑ የዩናይትድ ኪንግደም መንግሥት ሥልጣን ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዩናይትድ ኪንግደም ተለይቶ ነፃ የመሆን ጥያቄውን የሚመራው በ1934 የተመሠረተው የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ ነው። ፓርቲው ደምና የዘር ሐረግ አይቆጥርም፤ እዚህ ኑሮውን የመሠረተ ሁሉ ስኮትላንዳዊ ነው ይላል። የዜግነት ብሔርተኝነት የሚባለው ይህ ነው። ወሬ ብቻ እንዳልሆነ የ2014ቱ የነፃነት ሕዝበ ውሳኔ ያሳያል። የመምረጥ መብት የተሰጠው በመኖሪያ ነበር። ኤድንብራ ምግብ ቤት የሚሠራ ፖላንዳዊ ድምፅ ሰጠ። ግላስጎው ተወልዶ ለንደን የሚኖረው ግን ዳር ቆሞ ተመለከተ። 16 ዓመት የሞላቸውም መርጠዋል። ከተመዘገበው መራጭ 84.6 በመቶው ወጣ፤ ነፃነት በ55.3 ለ44.7 ተሸነፈ። በ2020 የወጣ ሕግ ደግሞ መኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ ዜጋ ሁሉ ለስኮትላንድ ፓርላማና ለአካባቢ ምክር ቤት እንዲመርጥ ፈቀደ። ወረቀቱን የሚጠባበቅ ጥገኝነት ጠያቂ ግን አልተካተተም።

ከፓርቲው ሰዎች ታዋቂው ሁምዛ ዩሱፍ ናቸው። አባታቸው ፓኪስታን፣ እናታቸው ናይሮቢ ተወለዱ። በ2016 ኪልት (የስኮትላንድ ባህላዊ የወንዶች ቀሚስ) ለብሰው በፓኪስታኑ ቋንቋ በኡርዱ የፓርላማ አባልነት ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ በ2023 ፈርስት ሚኒስትር፣ ማለትም የስኮትላንድ መንግሥት መሪ ሆኑ።

ሜይ 13 ቀን 2021 የኢድ ዕለት ነበር። ግላስጎው ኬንሙር ጎዳና ላይ የሆም ኦፊስ (የለንደኑ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት) መኪና ሁለት ሕንዳውያንን ይዞ ሊሄድ ሲል አንድ ሰው ከሥሩ ገብቶ ተኛ። የሰፈሩ ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። መኪናው ስምንት ሰዓት ያህል ንቅንቅ አላለም። መጨረሻ ላይ ፖሊስ ሰዎቹን ለቀቃቸው። የግላስጎው ሰው ይህን ቀን ሲያነሳ ደረቱ ይነፋል፤ ማንም አይፈርድበትም።

ታሪኩ ግን ሁሉም ያማረ አይደለም። በ1923 የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን አይርላንዳውያን ስደተኞችን ለአገሪቱ አደጋ አድርጎ የሚያቀርብ ሪፖርት ተቀብላ ነበር፤ በ2002 ይቅርታ ጠይቃለች።

የሕዝቡ ስሜትም እንደ መሪዎቹ ንግግር አይደለም። ከእንግሊዞቹ ትንሽ ይለሰልስ ይሆናል እንጂ የሰማይና የምድር ልዩነት የለም። ስደትን የሚቃወመው ሪፎርም ፓርቲ በ2025 በስኮትላንዷ ሃሚልተን በተደረገ የማሟያ ምርጫ 26 በመቶ ድምፅ አግኝቷል። ተቺዎችም በሩ በሌላ እጅ እያለ «ግቡ» ማለት ቀላል ነው ይላሉ። ትችቱ ሚዛን አይደፋም አይባልም።

ሆኖም ከደግነቱ ጀርባ ችግርም አለ። ከ2015 ወዲህ የሚሞተው ከሚወለደው ይበልጣል። የሕዝብ ቁጥር ሥጋቱ ግን ከዚያም በፊት ነበር፤ የሌበር ፓርቲ ሰዎችም ሳይቀሩ፣ ፈርስት ሚኒስትሩ ጃክ ማኮኔል ሥልጣን ላይ ሳሉ፣ በ2004 የውጭ ተመራቂዎች ሁለት ዓመት እንዲቆዩ የሚፈቅድ ዕቅድ አውጥተው ነበር። በ2022 የኤድንብራው የስኮትላንድ መንግሥት ለገጠሩና ለደሴቶቹ የተለየ ቪዛ እንዲሞከር ሐሳብ አቀረበ። ለንደን አልተቀበለችውም።