አልጋ መያዝ በወሎ፦ ለቤተሰብ ጉዞ የማደሪያ አመራረጥ

በአማርኛ መንገደኛ ክፍል አይዝም፤ የሚይዘው አልጋ ነው። ከተማ ሲገባ «አልጋ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሲያገኝ «አልጋ ይዣለሁ» ይላል፤ ሲያጣ «አልጋ የለም፣ ሞልቷል» ይባላል። አነጋገሩ ለነጋዴና ለሾፌር የተሠራ ይመስላል፤ አንድ ሰው፣ አንድ ሌሊት፣ አንድ አልጋ። አያት፣ ወላጅና ሦስት ልጆች ሆኖ ወደ ወሎ ለሚመጣ ቤተሰብ ግን ጥያቄው ይበዛል። ማን ከማን ጋር ያድራል? ደረጃ የሚከብደው ማን ነው? ብርድ የማይችለውስ? ከማደሪያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም እስከ መስጊዱ ደጅ ስንት እርምጃ ነው? በወሎ የቤተሰብ ማደሪያ በአልጋው ልስላሴ ወይም በመስኮቱ ዕይታ ከመመረጡ በፊት ከቤተሰቡ ሁሉ ደካማ በሆነው ሰው ጉልበት ሊለካ ይገባል። አገሩ ገደልና አምባ ነው፤ በዓሎቹ ደግሞ ሌሊት የሚቆሙ ናቸው።

የማደሪያዎቹ ስም ከከተማ ከተማ ብዙም አይለያይም። ዝቅተኛው አልጋ ቤት ነው፤ በአውቶቡስ መናኸሪያ አካባቢ ይገኛል፣ መጸዳጃው ብዙ ጊዜ የጋራ ነው፣ ሌሊቱ በጥሩምባ ይጀምራል በጥሩምባ ያልቃል። ፔንሲዮን ከዚያ ከፍ ይላል፤ ምግብ ባይኖረውም ክፍሉ የራሱ መታጠቢያ አለው፣ ጸጥታም አለ። ሆቴል ምግብ ቤቱን፣ የመኪና ማቆሚያውንና ጄኔሬተሩን ይጨምራል። ሎጅ የሚባለው ግቢ ሰፊ ሲሆን ጎጆ ጎጆ እየተደረገ የሚሠራ ነው። ለቤተሰብ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚሻለው ጎጆው ነው። ልጆች እየሮጡ የማንንም ጣሪያ አይረግጡም፤ አያትም ከደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

ላሊበላ ባለበት በላስታ ጎጆ የጥንት መልክ አለው። በአገሩ ቀይ ድንጋይ የተገነቡት ባለ ሁለት ፎቅ ክብ ቤቶች መወጣጫቸው በውጭ በኩል ነው፤ በላሊበላ ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ዛሬም ይታያሉ። ዘመናዊዎቹ ሎጆች ይህንን ቅርጽ ሲከተሉ ደረጃውንም አብረው ወርሰውታል። ስለዚህ ጎጆ የሚይዝ ሰው «የታችኛው ነው የላይኛው?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። በመቄት ገደል አፋፍ ላይ ደግሞ የአካባቢው ገበሬዎች በማኅበር የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ጎጆዎች አሉ። በእግርና በበቅሎ የሚደረስባቸው በመሆናቸው ለትልልቅ ልጆች እንጂ ለጉልበተ ደካማ አይሆኑም። የአልጋቸው ቁጥር ጥቂት ነው፤ አንድ ሰፊ ቤተሰብ ከያዘው ለሌላ ቦታ አይተርፍም።

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ላሊበላ በመኪና የሚሄድ ቤተሰብ የመጀመሪያውን ሌሊት ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያድራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ልዩነቱ የደጋና የቆላ ያህል ነው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ጉሙና ብርዱ የታወቀ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ሞቅ ትላለች። በመካከላቸው የሐረጎ ጠመዝማዛ ዳገት አለ። መንገድ የሚያዞረው ልጅ ያለው ወላጅ ቀኑን ሙሉ ተጉዞ በምሽት ሐረጎን ከሚወጣ ኮምቦልቻ ቢያድር፣ ዳገቱን በማለዳ በባዶ ሆድ ቢያልፈው ይሻላል። አስም ያለበት ወይም ብርድ የሚጎዳው ሽማግሌ ካለም ምርጫው ኮምቦልቻ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያውም እዚያው ነው። ደሴ የሚያድር ግን ከአልጋው በፊት ብርድ ልብሱን ይጠይቅ፤ አንድ ብቻ የሚሰጡ ቤቶች አሉና ጋቢ አይጣልም።

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄዱ ሐይቅ ይገኛል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው እዚህ ነው። ገዳሙ ጥንት ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም አይገቡም። ይህ ለማደሪያ አመራረጥ ትልቅ ነገር ነው፤ ቤተሰቡ ለግማሽ ቀን ለሁለት ይከፈላልና። አባትና ወንዶች ልጆች ሲሳለሙ እናት፣ አያትና ሴት ልጆች በፀሐይ መንገድ ዳር እንዳይቆሙ፣ ጥላና መቀመጫ ያለው የሐይቁ ዳር ማረፊያ መያዝ ይገባል። ዓሣው ትኩስ ነው፤ መጠበቁ ይቀላል።

ከሐይቅ በውጫሌና በመርሳ አድርጎ ወልድያ ሲደረስ ከደሴ 120 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከዚያ በዲልብ ዳገት ወደ ጋሸና ይወጣል፤ ከጋሸና ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው ይህን ሁሉ አያይም፤ የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ግን የማመላለሻ መኪናውን ሆቴሉ ይላክ ወይም አይላክ፣ በነፃ ይሁን ወይም በክፍያ፣ አልጋ ሲያዝ አብሮ መጠየቅ አለበት።

ላሊበላና የገና አልጋ

በወሎ የአልጋ ነገር ከሁሉም የሚከብደው በላሊበላ በገና ነው። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በገና ሰሞን ከየአገሩ የሚመጣው ምዕመን የከተማይቱን አልጋ ሞልቶ በየግቢውና በየሜዳው ይፈስሳል። ዋጋው ከሌላው ጊዜ እጅግ ይንራል፤ ጥሩ ጥሩዎቹ ቤቶች ከወራት በፊት ይያዛሉ።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው በሌሊቶቹ ቁጥር ነው። «ገና 29 ነው» ብሎ የታኅሣሥ 29ን ሌሊት ብቻ የሚይዝ ሰው በዓሉ ካለፈ በኋላ ይተኛል። ዋናው ሌሊት የ28 ለ29 አጥቢያ ነው፤ ሕዝቡ በማኅሌትና በቅዳሴ ቆሞ ያድራል። «ታዲያ ሌሊቱን ከቆምን አልጋ ምን ይሠራል?» የሚልም አለ። አልጋው የሚያስፈልገው ለዚያ ሌሊት ነው። የስድስት ዓመት ልጅ እስከ ንጋት አይቆምም። አያት እኩለ ሌሊት ላይ ወገባቸውን ማሳረፍ ይፈልጋሉ። ጠዋትም ካህናቱ በቤተ ማርያም «ማሜ ጋራ» በሚባለው አፋፍ ላይ ተሰልፈው «ቤዛ ኩሉ» ሲያሸበሽቡ ለማየት የሚተርፍ ጉልበት ሊኖር ይገባል። ስለዚህ ሦስት ሌሊት ይያዝ፦ 27፣ 28 እና 29። የመጀመሪያው ለድካምና ለከፍታ፣ ሁለተኛው ለዋዜማው፣ ሦስተኛው ደግሞ ከቤዛ ኩሉ ሲመለሱ «ክፍሉን ልቀቁ» እንዳይባሉ ነው።

የቀን አቆጣጠሩም ወጥመድ አለው። ገና በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ ከሱ በፊት ያለው ዓመት ጳጉሜን 6 ስለሚሆን ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ግን ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ነው። በኢንተርኔት አልጋ የሚይዝ ሰው በፈረንጆቹ ቢቆጥር ያርፋል፦ ጃንዋሪ 5 ገብቶ ጃንዋሪ 8 ይወጣል። የአገራችንን 27 በልቡ ይዞ በዲሴምበር 27 ላይ የሚጫን ግን በዓሉን በአሥራ አንድ ቀን ይቀድመዋል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ገጹ ላይ 14፡00 የተባለው መግቢያ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ 12፡00 የተባለው መውጫ ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። በስልክ «በ7 ሰዓት እንደርሳለን» ስንል ጠዋት፣ ቀትር ወይም ማታ መሆኑን መጨመር አይከፋም።

ቦታውስ? አብያተ ክርስቲያናቱ በሁለት ወገን ተሰብስበዋል፤ ቤተ ጊዮርጊስ ለብቻው ይቆማል። ብዙዎቹ አዳዲስ ሆቴሎች አገሩን ቁልቁል ለማየት ሲሉ በገደሉ አፋፍ ላይ ተሠርተዋል። ዕይታቸው ልብ ይሰርቃል፤ ጀንበር ስትጠልቅ ከሰገነታቸው መነሣት ያሳዝናል። ከቤተ ክርስቲያኑ ግን ይርቃሉ፤ መመለሻው ዳገት ነው፣ ከፍታውም ወደ 2,500 ሜትር ስለሆነ ትንፋሽ ያሳጥራል። በገና ሌሊት በሕዝቡ ብዛት መኪና እንደልብ አይንቀሳቀስም። ለወጣት ባልና ሚስት አፋፉን እመርጥላቸዋለሁ። አያት ላለበት ቤተሰብ ግን ዕይታ የሌለው፣ በእግር አሥር ደቂቃ የማይፈጅ፣ ምድር ቤት ያለ ክፍል ይበልጣል።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። አንድ ዓመት እናቴንና ልጆቼን ይዤ ስሄድ «ሁለት ክፍል ጎን ለጎን» ብዬ ቀብድ ከፍዬ ነበር። ስንደርስ አንዱ ምድር ቤት፣ ሌላው ሦስተኛ ፎቅ ሆኖ ጠበቀን፤ ሊፍት የለም። እናቴ ምድር ቤት ከታናሿ ልጄ ጋር አደረች፤ እኔ ሌሊቱን በደረጃው ስመላለስ ነጋ። ከዚያ ወዲህ የክፍሉን ቁጥርና ፎቁን በጽሑፍ ሳልቀበል አንድ ብር አልልክም።

ቀብድ፣ ክፍሉና ማዕዱ

አልጋ መያዝ በአብዛኛው በስልክ ይጀመርና በቀብድ ይጸናል። ቀብዱ በባንክ ወይም በቴሌብር ይላካል፤ የማስተላለፊያው ደረሰኝ ፎቶ ተነሥቶ ለእንግዳ ተቀባዩ ይደርሰዋል። የባንክ ሒሳቡ በድርጅቱ ስም መሆኑን ማየት ተገቢ ነው። የተነገረው ዋጋ 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስና የአገልግሎት ክፍያን ያካትት እንደሆነም ይጠየቅ፤ ለሦስት ክፍልና ለሦስት ሌሊት ሲባዛ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ከውጭ አገር ለሚመጣ ዘመድ የተለየ ዋጋ የሚጠይቁ ቤቶች አሉ፤ ቤተሰቡ ተቀላቅሎ የሚጓዝ ከሆነ ይህ አስቀድሞ ይለቅ። መታወቂያ ከእያንዳንዱ አዋቂ ይፈለጋል።

ክፍሉን በተመለከተ «ድርብ አልጋ» የሚለው ቃል ያሳስታል። አንዱ ሰፊ አልጋ ማለቱ ሲሆን ሌላው ሁለት ጠባብ አልጋ ማለቱ ነው፤ ስለዚህ አልጋውን በቁጥር መጠየቅ ይሻላል። በር ለበር የሚገናኙ ክፍሎች በወሎ ብርቅ ናቸው። ለሕፃን ተጨማሪ ፍራሽ የሚያነጥፉ ቤቶች ግን ብዙ ናቸው፤ ሲያዝ ከተነገራቸው ብዙ ጊዜ በደስታ ያደርጉታል። ሙቅ ውኃው በምን እንደሚሞቅ መጠየቅም ጥሩ ነው። በፀሐይ የሚሞቅ ከሆነ ልጆቹን ሳይመሽ ማጠብ ይቀላል።

ማዕዱም ከአልጋው አይለይም። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ነው፤ በዚያ ጊዜ የሆቴሉ ጠዋት ቁርስ ለጾመኛ ጥቅም የለውም፤ ቁርሱን ወደ ቀትር የጾም ምሳ የሚለውጡ ቤቶች ግን አሉ። በወሎ ደግሞ አንዱ ቤተሰብ ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም መኖሩ የተለመደ ነው። አብሮ የሚጓዘው ዘመድ ሙስሊም ከሆነ ሥጋው በማን እንደታረደ ሳይሳቀቅ የሚበላበት ምግብ ቤት በቅርብ ያለበትን ማደሪያ መያዝ የአክብሮት ነገር ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ይህ አያስቸግርም።

የጸጥታውን ነገር መተው አይቻልም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ጎድቷል፤ ሆቴሎችም ተዘርፈዋል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ «መንገድ ቢዘጋ ቀብዱ ይመለሳል ወይስ ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል?» የሚለው ጥያቄ ከዋጋው በፊት መምጣት አለበት። ከመነሣትም በፊት እዚያው ላለ ዘመድ ይደወል።

አልጋ የማይያዝባቸው ቦታዎች

ወሎ ውስጥ አልጋ የማይያዝባቸው ታላላቅ በዓሎች አሉ። መስከረም 21 በግሸን ማርያም፣ በመስቀል ቅርጹ በሚታወቀው አምባ ላይ፣ ምዕመኑ በድንኳንና በሜዳ ያድራል። የመውሊድ በዓል በጀማ ንጉሥ ሲከበር ደግሞ መንዙማው ሌሊቱን ይሞላዋል፤ እንግዳው በመስተንግዶ ያድራል። ሕፃን ወይም ደካማ ያለው ቤተሰብ ደሴ አልጋውን ይዞ ብርቱዎቹን ብቻ ወደ በዓሉ ቢልክ አያስነቅፍም።

በላሊበላም አልጋ ያጣ ሰው ሜዳ ላይ አይቀርም። የከተማው ሰው ቤቱን ይከፍታል፤ ከሩቅ በእግሩ የመጣን እንግዳ እግር ማጠብ እዚያ የቆየ ልማድ ነው። እንዲህ ባለ ቤት የሚያድር ቤተሰብ ለእያንዳንዱ ሰው ጋቢ፣ ለልጆች ምንጣፍና የእጅ ባትሪ፣ ለባለቤቲቱም ቡናና ስኳር ይዞ ይሂድ። የእንግዳው ጫማ ከደጃፉ ውጭ ይቀመጣል፤ ውኃው ሞቅ ብሎ በሳፋ ይመጣል፤ መጀመሪያ የሚታጠቡት አያት ናቸው።