ግራ ዘመምና ቀኝ ዘመም ምንድን ነው?

«እኔ ግራ ዘመም ነኝ፤ መንግሥትን ደግፌ አላውቅም።» ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ በሙሉ ልብ እንዲህ አለ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ፖለቲካል ሳይንስ ሳስተምር ይህን ስንቴ እንደሰማሁት! ግራ ማለት ተቃዋሚ፣ ቀኝ ማለት ደጋፊ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ሰውዬው ፈረንሳይን ሊጠቅስብኝ እንደሚችል አውቃለሁ። እውነት ነው፤ እንደ አውሮፓውያን በ1789፣ በአብዮቱ ጊዜ፣ በፈረንሳይ ብሔራዊ ጉባኤ የንጉሡን ሕግ የማገድ ሥልጣን የደገፉት በሰብሳቢው ቀኝ፣ የተቃወሙት በግራ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ግን ግራዎች ስንት አገር ገዝተዋል!

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ደርግ የካቲት 1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ነው ብሎ አወጀ። ይህ ቤተ መንግሥት የገባ ግራ ነው። ኢሕአፓ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ) ደርግን ተቃወመ፤ ግራ ነው። መኢሶን (የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ) «ሂሳዊ ድጋፍ»፣ ማለትም እየተቹ መደገፍ፣ ብሎ ከደርግ ጋር ሠራ፤ እሱም ግራ ነው። ኢዲዩ (የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት) ደግሞ ከቀኝ በኩል መጥቶ ጦር አነሳ። የተጋደሉት ኢሕአፓና መኢሶን ያው ማርክስን የሚያነቡ ልጆች ነበሩ።

ዋናው መለኪያ ሌላ ነው። ሀብት በማን እጅ ይሁን? መንግሥት ገበያው ውስጥ ምን ያህል ይግባ? የኑሮ ልዩነትን ማጥበብስ የእሱ ሥራ ነው ወይ? መንግሥት ይግባ፣ ልዩነቱንም ያጥብብ ያለ ወደ ግራ ነው፤ ለግለሰብና ለገበያው ይተው ያለ ወደ ቀኝ ነው።

ይህ አንድ መስመር ነው፤ ልክ እንደ ደሴ መንገድ። ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ያለውን ኪሎ ሜትር ብነግራችሁ ጣርማ በር ላይ ብርዱ እንደሚያንዘፈዝፋችሁ፣ ታች ስትወርዱ እንደሚያልባችሁ አልነገርኳችሁም። ከፍታ ሌላ ልኬት ነው። በባህልና በሃይማኖት ጉዳይ ወግ አጥባቂ መሆንም እንዲሁ፤ ወግ አጥባቂ ሆኖ በኢኮኖሚ ግራ የሆነ ሞልቷል። መሀል ሜዳ የምትባለው ከተማ ደግሞ ጭራሽ መንገዱ ላይ የለችም፤ ጣርማ በር ላይ ተገንጥሎ ወደ መንዝ መግባት ነው። የእኛ አገር ትልቁ ክርክር፣ ማለትም ፌዴራሊዝሙ በብሔር ይዋቀር ወይስ በሌላ የሚለው፣ እንደ መሀል ሜዳ ከመስመሩ ውጭ ነው። ለዚህ ነው «የብሔር ፌዴራሊዝምን የሚቃወም ሁሉ ቀኝ ነው» ሲባል የምበሳጨው። በሁለቱም ወገን ግራም ቀኝም አለ።

የራሳችሁን ቦታ ስትፈልጉ ጉዳይ በጉዳይ ሂዱ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ይሸጥ ካላችሁ ወደ ቀኝ ናችሁ። መንግሥት ማዳበሪያ ይደጉም ካላችሁ ወደ ግራ ናችሁ። የባሶና ወራና ገበሬ ሁለቱንም ባንድ ትንፋሽ ቢል አልተምታታበትም። ሁለቱን ደምሮ ለሁለት አካፍሎ «መሀል ነህ» የሚለው ነው የተምታታበት።

ሳትጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። በጥናት መጠይቅ ሰው ራሱን ከ0 እስከ 10 እንዲያስቀምጥ ሲጠየቅ (0 ግራ፣ 10 ቀኝ) ብዙ ጊዜ ከሁሉም ቁጥር በላይ የሚመረጠው 5 ነው። አስቦበት መሀል የቆመም፣ ጥያቄው ያልገባውም፣ ቶሎ ጨርሶ ወደ ቤቱ መሄድ የፈለገም እዚያው 5 ላይ ነው።