ካሴቱ ሲያፈስ፦ ከኮምቦልቻ እስከ ላሊበላ የሰማኋቸው የተሳሳቱ ምክሮች

ወሎ ውስጥ ካሴት ሲባል መጀመሪያ የሚታወሰው አምባሰልና ባቲ ነው። እኔ ግን ስለ ሌላ ካሴት ነው የማወራው። ጋሼ፣ የእናቴ ወንድም፣ ከጀርመን ሲመለስ ካምፐር ይዞ መጣ። አልጋ፣ ምድጃ፣ የዕቃ ማጠቢያና ሽንት ቤት ያለው መኪና ማለት ነው። ኮምቦልቻ ግቢው ውስጥ ሲያቆመው የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሊያየው መጣ። ሹፌሩ እኔ ሆንኩ። ሽንት ቤቱ ማፍሰስ ሲጀምር ጠጋኙም እኔ ሆንኩ።

አሠራሩን ሳልናገር የቀረው አይገባም። መቀመጫው ከመኪናው ጋር የታሰረ ነው። ከሥሩ ከ17 እስከ 20 ሊትር ገደማ የሚይዝ የፕላስቲክ ሣጥን አለ። ካሴት የሚባለው እሱ ነው። በመኪናው ጎን ካለች ትንሽ በር ተስቦ ይወጣል፣ ይደፋል፣ ታጥቦ ይመለሳል። አፉ ላይ የሚንሸራተት ክዳን አለው። እጀታውን ስትስቡ ይከፈታል፣ ስትመልሱ ይዘጋል። በአፉ ዙሪያ ደግሞ እንደ ከንፈር ለስለስ ያለ ጎማ አለ። ሽታውንም ፈሳሹንም የሚይዘው ይህ ጎማ ነው።

ይህን ያህል ቀላል ዕቃ ስንት ዓይነት ምክር እንዳሰማኝ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

«ተሰንጥቋል፤ በቃ ሌላ ግዛ»

ወለሉ ላይ ውሃ ሲታይ የሁሉም የመጀመሪያ ፍርድ ይሄ ነው። ጎረቤትም መካኒክም ያለኝ ይህንኑ ነው። ካሴቱ ግን ወፍራም ፕላስቲክ ነው። ካልወደቀ ወይም ድንጋይ ካልመታው በቀላሉ አይሰነጠቅም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የአፉ ጎማ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ፈሳሹ ከካሴቱ ጭራሽ አይደለም። መቀመጫውን የሚያጥበው ንጹህ ውሃ ነው የሚያንጠባጥበው።

ስለዚህ መጀመሪያ «የትኛው ውሃ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። እኔ ካሴቱን ደፍቼ አጠብኩት። ከዚያ ቀይ ሥር ቀቅዬ ውሃውን ጨመርኩበት። እናቴ «ለምንህ ነው?» ስትለኝ ለሰላጣ ነው አልኳት። ካሴቱ የሚቀመጥበትን ቦታ በጨርቅ አድርቄ ነጭ ሶፍት አነጠፍኩበት። ካሴቱን መለስኩና መኪናውን ትንሽ ነዳሁት። ሶፍቱ ከቀላ ከካሴቱ ነው። ረጥቦ ነጭ እንደሆነ ከቀረ ከንጹህ ውሃው መስመር ነው፤ የቱቦው ማሰሪያ ላልቷል ወይም ቫልቩ በደንብ አልዘጋም ማለት ነው። እሱን ማንኛውም የቧንቧ ሠራተኛ ይጨርሰዋል።

የእኛው ቀላ። ቀጥሎ ስንጥቁን መፈተሽ ነበረብኝ። ካሴቱን ውሃ ሞልቼ ደረቅ ሲሚንቶ ላይ አሳደርኩት። ጠዋት ሥሩ ደረቅ ነበር። እንግዲያው ስንጥቅ የለም። ክዳኑን ዘግቼ በጎኑ ሳጋድመው ግን ከክዳኑ ጠርዝ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ጎማው ነው።

«ሲሊኮን ቀባው»

ይሄ ምክር ትክክል ነው። ስህተትም ነው። ጉዳዩ «ሲሊኮን» የሚለው ቃል ላይ ነው።

አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ በስልክ «አብሽር፣ ሲሊኮን ቀባው ይስተካከላል» አለኝ። ደሴ ፒያሳ ወጣሁና አንድ የሕንጻ መሣሪያ መሸጫ ገብቼ ሲሊኮን ስጠኝ አልኩት። ልጁም ለመስኮትና ለእጅ መታጠቢያ የሚሆነውን ማጣበቂያ ሰጠኝ። ምን ያጥፋ? የጠየቅሁትን ነው የሰጠኝ። እኔም የጎማውን ዙሪያ ደህና አድርጌ ደፈንኩት። ትንሽ ጥርጣሬ ገብቶኝ ነበር፤ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ጨረስኩት። በማግሥቱ እጀታው ንቅንቅ አልል አለ። ክዳኑን ከነጎማው አጣብቄዋለሁ። ቢላ ጎማውን እንዳይቆርጠው ስለፈራሁ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ በጥፍሬ ስልጥ ዋልኩ።

ሁለት ሲሊኮን አለ። አንዱ ያጣብቃል፣ አንዱ ያለሰልሳል። ለካሴት የሚፈለገው የሚያለሰልሰው፣ በቆርቆሮ መጥቶ የሚረጨው ነው። የሚያጣብቀው የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ቦታ የለውም። ካሴት በሚሠራበት ዓይነት ፕላስቲክ ላይም ቢሆን እሺ ብሎ አይያዝም፤ ቆይቶ እንደ ቅርፊት ይነሳል። የሚረጨውም ቢሆን ቆሻሻ ላይ አይረጭም። ጎማው በለብ ያለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በስሱ ይረጫል። ክዳኑን አምስት ስድስት ጊዜ ከፍቶ መዝጋት ነው። አንዳንዴ ማፍሰሱ በዚህ ብቻ ይቆማል። ጎማው አላረጀም፤ ደርቆ ነበር ማለት ነው።

«ቫዝሊን ካለህ ምን ያስጨንቅሃል?»

ቫዝሊን ከሌለ ግራሶ፣ ግራሶ ከሌለ የኑግ ዘይት። ይህን ምክር ያልሰጠኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሲቀቡት ክዳኑ ቅቤ ነው የሚሆነው፤ ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው። ቫዝሊንም ግራሶም ከነዳጅ የሚወጡ ናቸው። ብዙ ዓይነት ጎማ እነሱን ሲጠጣ ያብጣል፣ ቅርጹን ያጣል። ካበጠ ክዳኑ ይከብዳል። ክዳኑ ሲከብድ ሰው በኃይል ይስባል። በኃይል ሲሳብ ጎማው ይቀደዳል። ጋሼ ከመኪናው ጋር የመጣውን የጀርመንኛ መመሪያ ሲያነብልኝ ቫዝሊን በግልጽ የተከለከለ ነው።

የኑግ ዘይትን ነገር ወጥ የሠራ ሰው ያውቀዋል። መጥበሻ ላይ የቀረ ዘይት ሲሰነብት ምን ይሆናል? ይሙለጨለጫል፣ ከዚያ እንደ ሙጫ ይይዛል። ካሴቱ ላይም ያው ነው፤ በላዩ የመንገዱ አቧራ ይለጠፍበታል።

«ጎሚስታ ጋ ሄደህ ከካላማዳሪያ አስቆርጠው»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። አስቆረጥኩ። ኮምቦልቻ ያለ ጎሚስታ በአሮጌው ጎማ ልክ ክብ አድርጎ ቆረጠልኝ። እጁ ወርቅ ነው፤ ግን ሥራው ሁለት ቀን አልቆየም።

ምክንያቱ ቅርጹ ነው። ካላማዳሪያ ጠፍጣፋ ነው። የካሴቱ ጎማ ግን ጠፍጣፋ አይደለም፤ ቀጭን ከንፈር አለው፣ በቦዩ ውስጥ የሚቀመጥ ተረከዝም አለው። ከንፈሩ ክዳኑ ላይ ተደግፎ ይታጠፋል። ማሸጉ የሚመጣው ከዚያ መታጠፍ ነው። ጠፍጣፋ ላስቲክ አይታጠፍም፤ ወይ ይላላል ወይ ክዳኑን ነክሶ ይይዛል።

አማራጩ ትክክለኛውን ጎማ ማስመጣት ነው። ሲታዘዝ የሽንት ቤቱ ሞዴል ቁጥር ያስፈልጋል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ካሴቱ በሚወጣበት በር ውስጥ ተለጥፏል። በግምት ከታዘዘ ልኩ አይመጣም። ለእኛ የጋሼ ልጅ ለበዓል ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛልን መጣች። ጎማዋ ከፖስታ አትከብድም። መቀየሩ ራሱ ከሃያ ደቂቃ አላለፈም፦ የላይኛውን መሸፈኛ አንሸራትቶ ማውጣት፣ አሮጌውን ጎማ ከቦዩ መንቀል፣ ቦዩን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ማጽዳት፣ አዲሱን ሳይጠማዘዝ ዙሪያውን መጫን። ቦዩን ሳያጸዱ አዲስ ጎማ መግጠም ከንቱ ልፋት ነው። ጓንት አትርሱ። በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ መቀየር ደንብ ነው፤ የአገራችን ፀሐይና አቧራ ባለበት ደግሞ ቀደም ቢል ይሻላል።

«ዳገት ላይ የሚያፈሰው ስለሚንገጫገጭ ነው»

በጣም የገረመኝ ይሄ ነው። ጎማው ከተቀየረ በኋላ ካሴቱ ኮምቦልቻ ላይ ጠብታ አያፈስም። ደሴ ደርሰን ክዳኑ ሲከፈት ግን ወደ ላይ ፊጭ ይላል። ጋሼ ላይ ነው የደረሰው፤ ዝርዝሩን ልተወው። እሱ በመንገዱ ፈረደ። እኔም በእሱ ቃል አምኜ ጉድጓድ ሳልፍ እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ እል ጀመር። ለውጥ የለም።

ነገሩ የአየር ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ ነች። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ትጠጋለች። በመሐላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዚህች አጭር መንገድ የውጩ አየር ግፊት ከ100 እጅ 7 ወይም 8 ያህል ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ላይ የተዘጋው ካሴት ውስጥ ያለው አየር ግን እንደተጫነ ደሴ ይደርሳል። ከቆላ የተገዛ የታሸገ ቺፕስ ደጋ ሲወጣ እንደሚነፋው ማለት ነው። ክዳኑ ሲከፈት ያ አየር መውጫ አገኘ፤ ያገኘውንም ይዞ ወጣ። በዚያ ላይ ውስጥ ያለው ነገር ሲብላላ የራሱን ጋዝ ይጨምራል።

ፋብሪካውም ይህን ያውቃል። ለዚህ ሲባል ካሴቱ ላይ ትንሽ የአየር መተንፈሻ አለች። በብዙ ሞዴሎች ካሴቱ ቦታው ላይ ሲገባ ትጫንና ትከፈታለች። የእኛዋ በደረቀ ቆሻሻ ተደፍና ነበር። በለብ ያለ ውሃ ዘፍዝፌ በጥርስ ብሩሹ አጸዳኋት። ከዚያ ወዲህ ፊጭታው ቀረ። ካሴቱ ጢም ብሎ ሲሞላም ፈሳሹ እዚያው መተንፈሻ ይደርሳል። ያን ጊዜ መኪናው ሲያዘነብል በእሷ በኩል ይፈሳል፤ ሰው ግን ጎማውን ይወቅሳል።

ቁልቁለት ላይ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። መተንፈሻው ከተደፈነ የውጩ አየር ወደ ውስጥ ይገፋል፣ የመቀመጫው ሣህን ላይ ያለውን ውሃ በጎማው ጥግ ያስገባዋል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ሣህኑ ላይ የነበረ ውሃ ከጠፋ መተንፈሻውንም ጎማውንም ተመልከቱ። ከወልድያ ወደ ጋሸና በድልብ በኩል የሚወጣው ዳገት ከደሴው ይብሳል። ላሊበላ የምትሄዱ ከሆነ መተንፈሻውን ወልድያ ላይ አይታችሁ ውጡ። ዳገት እንደጨረሳችሁ ክዳኑን ስትከፍቱ ደግሞ አታጎንብሱ። መጀመሪያ በጣት ስፋት ብቻ ከፍታችሁ አስተንፍሱት።

«ሽታ እንዳይወጣ ሣህኑ ላይ ውሃ ተው»

ከቤት ሽንት ቤት የተወሰደ ልማድ ነው። ቤት ውስጥ ሲፎኑ ላይ የሚቀረው ውሃ ሽታ ያግዳል፤ እውነት ነው። ካሴት ሲፎን የለውም። ሽታውን የሚያግደው ጎማው ነው። ሣህኑ ላይ የተተወ ውሃ ጥምዝ ላይ ይዋልላል፣ በጠርዙ ሾልኮ ከካሴቱ ውጭ ይወርዳል። ከዚያ «አፈሰሰ» ይባላል። ከመነሳት በፊት ውሃውን ወደ ካሴቱ ለቆ ክዳኑን መዝጋት ነው።

«በረኪና የማያጸዳው የለም»

በረኪና ጎማውን ያደርቃል። ከዚያም የባሰ አለ። በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። ከአሲድ ጋር፣ ለምሳሌ ከአንዳንድ የሽንት ቤት ማጽጃዎች ጋር፣ ሲገናኝ ደግሞ ክሎሪን ይወጣል። የካምፐር ሽንት ቤት ከቁም ሣጥን አይሰፋም። በሩ ተዘግቶ እዚያ ውስጥ መደባለቅ ቀልድ አይደለም።

«መብራቱ ቀይ ካልሆነ አልሞላም»

ካሴቱ ሲሞላ የሚበራ ትንሽ መብራት አለ። የሚያየው በካሴቱ ውስጥ ያለውን ተንሳፋፊ ነው። በብዙ ሞዴሎች 15 ሊትር ገደማ ላይ ይበራል። ተንሳፋፊው በወረቀት ከተያዘ ግን ሞልቶም ዝም ይላል። ካሴቱን አውጥቶ በእጅ መመዘን ከመብራቱ ይታመናል። እጀታው ሲከብድም አታስገድዱት፤ ወይ ካሴቱ ቦታው ላይ በደንብ አልገባም ወይ ወረቀት ነክሷል።

«መድኃኒት ስለተጨመረበት የትም ቢደፋ ንጹህ ነው»

መድኃኒት የሚባለው ካሴቱ ውስጥ የሚጨመረው ሰማያዊ ፈሳሽ ነው። ሽታ ይቀንሳል፣ ወረቀት ያሟሟል። ቆሻሻውን ውሃ አያደርገውም። ፎርማልዴሃይድ ያለበት ዓይነት ደግሞ ራሱ መርዝ ነው። የቤት ፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ቢደፋ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ ጉድጓዱም ቶሎ ይሞላል።

ሐይቅ በሚባለው ሐይቅ ዳር አድረን ነበር፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። አንድ አብሮን ያደረ ሰው ከውሃው ዳር ሊደፋው ተነሳ። ይህ ሐይቅ ከውስጡ የሚወጣ ወንዝ የለውም። የገባበት ነገር እዚያው ይቀራል። የቆሮሶ ዓሣውን ያጠመደልን ልጅ ከጎናችን ቆሞ ያያል። ጋሼ ካሴቱን ከሰውየው እጅ ተቀበለና መልሶ መኪናው ውስጥ ከተተው። ደሴ ስንደርስ የማረፊያውን ባለቤት አስፈቅደን፣ መድኃኒት እንዳለበትም ነግረን ከቆሻሻ መስመር ጋር በተያያዘ ሽንት ቤት ደፋነው። አሁን ለአጭር ጉዞ መድኃኒት አንጨምርም። በሁለት ቀን አንዴ ባለጉድጓድ ሽንት ቤት ስናገኝ እናስፈቅድና እንደፋለን። ጥቂት ይሸታል። መስኮት አለው።