በኅብረተሰብ ጤና ስለሚሠለጥኑ ነርሶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንዲት ነርስ በኅብረተሰብ ጤናና በበሽታ መከላከል ዘርፍ ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትማር መሆኑን ስትናገር ከባልደረቦቿ የምትሰማው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ነው። «በቃ ልታርፊ ነው» ይሏታል፤ ወይም «ምነው፣ ነርስነቱን ልትተዪው?» ሁለቱም አስተያየቶች የሚቀዱት ነርስ የምታስፈልገው አልጋ ላይ ለተኛ ሰው ብቻ ነው ከሚለው ሐሳብ ነው። ይህ ሐሳብ ሥልጠናውን የሚሸሹትን ብቻ ሳይሆን የሚገቡበትንም ያሳስታል። ከዚህ በታች ያሉት አመለካከቶች እኩል ክብደት የላቸውም፤ አንዳንዱ በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች የሚታረም ሲሆን አንዳንዱ ግን የረጅም ጊዜ ልምድ ያላቸውን ባለሙያዎች ጭምር የያዘ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ከሌሊት ተረኝነት የሸሸ ሰው የሚያርፍበት ሥራ ነው»

የሌሊት ተረኝነቱ መቅረቱ ለብዙዎቹ እውነት ነው፤ ዕረፍቱ ግን የለም። ሆስፒታል ውስጥ ያለ ነርስ የሚያገለግለው እግሩ ያመጣውን ታካሚ ነው። የኅብረተሰብ ጤና ነርስ ዋና ሥራ ደግሞ ያልመጣው ሰው ነው፦ የመጀመሪያውን ክትባት ወስዶ ለሁለተኛው ያልተመለሰው ሕፃን፣ የስድስት ወሩን የቲቢ መድኃኒት በሁለተኛው ወር «ተሽሎኛል» ብሎ ያቋረጠው ሰው፣ የደም ግፊቱን በሕይወቱ አንድም ቀን ተለክቶ የማያውቀው ጎልማሳ። በኢቦላ ወረርሽኝ ጊዜ ከታማሚ ጋር ንክኪ የነበረው እያንዳንዱ ሰው ለ21 ቀናት በየዕለቱ ይጎበኛል። በ19ኛው ቀን ከዓይን የተሰወረ አንድ ሰው የሳምንታት ልፋትን ሊያፈርስ ይችላል።

ሙያው ራሱ የተወለደው ሰውን ፍለጋ በመውጣት ነው። ሊሊያን ዋልድ የተባለች ነርስ በ1893 ኒው ዮርክ ውስጥ ድሆች ስደተኞች በሚኖሩበት ሰፈር ስለ ቤት ውስጥ ሕመምተኛ አያያዝ ታስተምር ነበር። አንዲት ሕፃን ልጅ እናቷ መታመሟን ልትነግራት መጣች። ዋልድ ልጅቷን ተከትላ ሄደች፤ ያገኘችው በወሊድ ምክንያት ደም እየፈሰሳት የተኛች ሴት ነበር። ከዚያ በኋላ ኑሮዋን በዚያው ሰፈር አደረገች፤ «የኅብረተሰብ ጤና ነርስ» የሚለው መጠሪያም ከእርሷ የመጣ ነው።

«ነርስ ስታቲስቲክስ ምን ያደርግለታል?»

ይህን የሚጠይቁ ሰዎች ፍሎረንስ ናይቲንጌልን ፋኖስ ይዛ በምትዞርበት ሥዕል ብቻ ያውቋታል። ፋኖሱ ዝና ሰጣት፤ መንግሥትን ያንቀሳቀሰችው ግን በቁጥር ነው። በክራይሚያ ጦርነት ከሞቱት የእንግሊዝ ወታደሮች አብዛኞቹን የጨረሳቸው ቁስል ሳይሆን መከላከል ይቻል የነበረ በሽታ መሆኑን በ1858 ባሳተመችው ባለ ቀለም ክብ ግራፍ አሳየች። ወታደራዊ ሹማምንት ረጅም ሠንጠረዥ እንደማያነቡ ስለገባት ነው በሥዕል ያቀረበችው። የብሪታንያ የስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባልም እርሷ ነበረች።

በሥልጠናው ውስጥ ኤፒዲሚዮሎጂ (በሽታ በሕዝብ ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ የሚያጠና ትምህርት) እና ባዮስታቲስቲክስ (የጤና መረጃ ስታቲስቲክስ) ብዙ ሰዓት የሚይዙት በከንቱ አይደለም። «በዚህ ወር 40 የኩፍኝ ሕሙማን ተመዝግበዋል» የሚል ሪፖርት ከስንት ሰው ውስጥ፣ በየትኛው ዕድሜ፣ ካለፈው ወር ሲነጻጸር እንዴት እንደሆነ ካልታወቀ ምንም አይናገርም። ቁጥሩ ያደገው በሽታው ስለተስፋፋ ነው? ወይስ አዲስ የመጣ ባለሙያ በደንብ መመዝገብ ስለጀመረ? የክትባት ሽፋናቸው «108 በመቶ» ነው የሚሉ ሪፖርቶች በዘርፉ ላሉ ሰዎች እንግዳ አይደሉም። ከመቶ ሰው 108 ሊከተብ አይችልም፤ ስህተቱ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በታችኛው ቁጥር፣ ማለትም ባረጀ የሕዝብ ብዛት ግምት ላይ ነው። ይህን አይቶ «ደስ ይላል» ብሎ የሚያልፍና ቆም ብሎ የሚጠይቅ ነርስ የሚለዩት በዚህ ሥልጠና ነው።

«ቅድመ ምርመራ በበዛ ቁጥር ይሻላል»

ከሁሉም የከበደው ስህተት ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በጣም አስተዋይ ይመስላል። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላል ተረቱ። ለብዙ ነገር ይሠራል። ምንም ምልክት የሌለበትን ሰው መመርመር ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አንድ ጥሩ የምርመራ ዘዴ አለ እንበል። ከ100 ሕሙማን 90ውን ያገኛል፤ ከ100 ጤነኞች ደግሞ በስህተት «ታማሚ ናቸው» የሚላቸው 5ቱን ብቻ ነው። ምንም ምልክት የሌለባቸውን 10,000 ሰዎች በዚህ ዘዴ መረመርን፤ በሽታው ያለባቸው 100 ብቻ ናቸው። ከእነርሱ 90ው ይገኛሉ። ከ9,900 ጤነኞች ደግሞ 495ቱ በስህተት ይያዛሉ። እንግዲህ «በሽታው ሳይኖርብህ አይቀርም» ከተባሉት 585 ሰዎች ውስጥ 495ቱ ምንም የለባቸውም። ለእነዚህ ሰዎች ቀጥሎ የሚመጣው ጭንቀት፣ ተደጋጋሚ ምርመራ፣ አንዳንዴም ናሙና ለመውሰድ የሚገባ መርፌ ወይም ቢላዋ ነው።

ይኸው ዘዴ ሕመም ተሰምቷቸው ወደ ክሊኒክ በመጡ 10,000 ሰዎች ላይ ቢሠራና ከእነርሱ 3,000ዎቹ በእርግጥ ታማሚ ቢሆኑስ? 2,700 ሕሙማን በትክክል ይገኛሉ፤ በስህተት የሚያዙት 350 ናቸው። አሁን «አለብህ» ከተባሉት ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ እውነትም አለባቸው። መሣሪያው ያው ነው፤ የተለወጡት የተመረመሩት ሰዎች ናቸው። ለዓመታት ሆስፒታል ውስጥ የሠራ ነርስ በምርመራ ውጤት ላይ ያለው እምነት የተገነባው በሁለተኛው ዓይነት ሰዎች ላይ ነው፤ ያንኑ እምነት ይዞ ወደ ሰፈር ሲወጣ ይሳሳታል። ይህ የእውቀት ማነስ አይደለም። ልምዱ የተሰበሰበበት ቦታ ስለሚለይ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። አንድ ሰው በ67 ዓመቱ በሽታው ተገኝቶበት በ70 ዓመቱ ቢሞት «ሦስት ዓመት ኖረ» እንላለን። በቅድመ ምርመራ በ60 ዓመቱ ተገኝቶበት በዚያው በ70 ዓመቱ ቢሞት ግን «አሥር ዓመት ኖረ» ይባላል። የሞተበት ቀን አልተለወጠም፤ ያገኘው ነገር ቢኖር ሰባት ተጨማሪ የስጋት ዓመታት ናቸው። «በጊዜ የተገኙት ረጅም ጊዜ ይኖራሉ» የሚል መረጃ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1968 ያሳተመው የዊልሰንና የዩንግነር የቅድመ ምርመራ መስፈርት እስከ ዛሬ በሥልጠናው የሚጠናው ለዚህ ነው። በሽታው ከባድ ነው ወይ? ምልክት ሳያሳይ የሚቆይበት ጊዜ አለው ወይ? የተገኘበትን ሰው የምናክምበት ዘዴና ቦታ አለን ወይ? ሕክምና በሌለበት ምርመራ ማካሄድ መርዶ ማደል ነው። የማኅፀን በር ካንሰር መስፈርቱን በደንብ ያሟላል፤ ቅድመ ካንሰር ለውጡ ወደ ካንሰር እስኪደርስ ብዙውን ጊዜ ዓመታት ይወስዳል፣ በዚያ መሐል ሲገኝም በቀላሉ ይወገዳል። ሁሉም በሽታ ግን ለቅድመ ምርመራ እንደ እርሱ ምቹ አይደለም።

«ሥራው ማስተማር ነው፤ ሰው ካወቀ ይለወጣል»

ሲጋራ የሚያጨሱ ሐኪሞችና ነርሶች ስለ ሳንባ ካንሰር ሳይነገራቸው ቀርቶ ነው? እውቀት ያስፈልጋል፤ ብቻውን ግን ሩቅ አያስኬድም። ልጇን ለማስከተብ ያልተመለሰች እናት ብትጠየቅ ብዙ ጊዜ የምትናገረው ስለ ክትባት ጥርጣሬ አይደለም። ጤና ጣቢያው የሚከፈተው እርሷ ሥራ ላይ በምትሆንበት ሰዓት ነው፤ ሰልፉ ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ባለፈው ካርዱን ረስታ ስትመጣ በሰው ፊት ተቆጥተዋታል። የመጨረሻውን ምክንያት በሪፖርት ላይ የሚጽፈው የለም፤ የሚቆጣውም የሚጽፈውም አንድ ሰው ነውና። እንዲህ ላለችው እናት አሥር ጊዜ ስለ ክትባት ጥቅም ማስተማር ችግሩን የእርሷ አላዋቂነት አድርጎ መቁጠር ነው።

በ1986 የወጣው የኦታዋ ቻርተር የተባለው ዓለም አቀፍ ሰነድ ጤናን ማጎልበት ማለት የግለሰብን ክህሎት ማሳደግ ብቻ ሳይሆን ፖሊሲን፣ አካባቢንና የጤና አገልግሎቱን ራሱን መለወጥ እንደሆነ ያስቀመጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሠልጣኙ የአገልግሎት ሰዓትን ማስተካከል፣ በጀት መጠየቅና ከትምህርት ቤትና ከውኃ ባለሥልጣን ጋር መደራደርንም ይማራል። ለአንድ ለአንድ ውይይት ደግሞ የሥነ ልቦና ባለሙያው ዊልያም ሚለር በ1983 ያስተዋወቀው የምክክር ዘዴ አለ፤ ባለሙያው ምክር ከማዝነብ ይልቅ ሰውየው የመለወጥ ምክንያቱን በራሱ አንደበት እንዲናገር የሚረዳበት ነው። ዘዴው ቀላል ይመስላል። ዝም ብሎ ማዳመጥ ያልለመደ ሰው ግን ሲሞክረው ላብ ያጠምቀዋል።

«ሽፋኑ 95 በመቶ ከደረሰ ሥራው አልቋል»

ኩፍኝ ማንም ባልተከተበበት ማኅበረሰብ ውስጥ ከአንድ ሰው ወደ 12 እስከ 18 ሰዎች ሊተላለፍ ይችላል። ለዚህ ነው 95 በመቶ የሚባለው ከፍ ያለ ግብ የተቀመጠለት። ሁለት ነገሮች ግን ይረሳሉ። አንደኛ፣ የተከተበ ሁሉ አይጠበቅም፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠ ክትባት ከመቶው 93 ያህሉን ቢጠብቅ፣ የ95 በመቶ ሽፋን ትክክለኛ ጥበቃው 88 በመቶ አካባቢ ይሆናል። ሁለተኛው ነገሩን ይበልጥ ያባብሰዋል፦ ያልተከተቡት አምስት በመቶ እንደ ጨው ተበትነው አይኖሩም። በአንድ ሰፈር፣ በአንድ የእምነት ማኅበር ወይም መንገድ በማይደርስበት አንድ አካባቢ ተሰባስበው ይገኛሉ፤ ወረርሽኙም የሚመርጠው ያንን ቦታ ነው። ስለዚህ ሥልጠናው አማካይን ከማመን ይልቅ ካርታ ዘርግቶ ክፍተትን መፈለግን ያስተምራል። ፈንጣጣን ለማጥፋትም ቢሆን ሁሉንም ሰው ከመከተብ በላይ ፍሬ ያፈራው እያንዳንዱን ታማሚ ፈልጎ በዙሪያው ያሉትን መከተብ ነበር፤ በ1980 በሽታው ከምድር መጥፋቱ የታወጀው በዚህ መንገድ ነው።

«መከላከል ሁልጊዜ ገንዘብ ያድናል»

ይህን ስህተት የሚያሰራጩት ወዳጆቻችን ስለሆኑ ለማረም ያሳፍራል። አንዳንዱ፣ ለምሳሌ ብዙዎቹ የሕፃናት ክትባቶች፣ ከሚያወጡት በላይ ይመልሳሉ። ብዙው ግን አይመልስም፤ ጤና የሚገዛው ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ ነው። በዚህ ማፈር አያስፈልግም። የአጥንት ስብራትን ስናክም «ስንት ብር አተረፍን?» ብለን አንጠይቅም። መከላከልን ብቻ ለምን እንዲህ እንመዝነዋለን? የጤና ኢኮኖሚክስን የተማረ ነርስ «ይህ ገንዘብ ያድናል» ሳይሆን «ይህ ገንዘብ ይህን ያህል ጤና ያመጣል» ብሎ ይከራከራል፤ በኋላም ቃሉን የሚበላበት ቀን አይመጣም።

«ልምድ ካለ ዲግሪው ወረቀት ነው» እና «ክህሎትሽ ይዝጋል»

የዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት በ2020 ባወጣው መመሪያ በከፍተኛ ደረጃ ለሚሠሩ ነርሶች ቢያንስ ሁለተኛ ዲግሪ እንዲጠየቅ መክሯል። ልምድ ለዚህ ሥልጠና መሠረት ነው፤ ልምድ ብቻውን የት እንደሚያሳስት ግን ከላይ በምርመራው ስሌት አይተናል። ክህሎትን በተመለከተ፣ ደም ሥር ማግኘት የዕለት ልምምድ ካልተደረገ መቀዛቀዙ አይካድም። በአንጻሩ በር አንኳኩቶ ገብቶ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የእናትየውን ገርጣታ፣ የሕፃኑን አተነፋፈስና የቤቱን ጭስ አንድ ላይ ማየት ክሊኒካዊ ክህሎት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

«ውጤቱ አይታይም»

ያልታመመ ሰው አመስግኖ አያውቅም፤ ይህ እውነት ነው። ይሁንና ውጤቱ ሊቆጠር ይችላል። በ1902 ኒው ዮርክ ውስጥ ሐኪሞች ትምህርት ቤቶችን እየዞሩ ትራኮማ፣ ቅማልና የቆዳ በሽታ ያለባቸውን ልጆች ወደ ቤታቸው ይሰዱ ነበር። ምርመራው ትክክል ነበር፤ ልጆቹን የሚያክማቸው ግን አልነበረም። ልጆቹ በየመንገዱ ሲጫወቱ ይውላሉ፤ ከትምህርት ቀርተው በሽታውን እርስ በርስ ይቀባበላሉ። በዋልድ ሐሳብ አቅራቢነት ሊና ሮጀርስ የተባለች ነርስ በአራት ትምህርት ቤቶች ለአንድ ወር ሙከራ ተመደበች። ቀላሉን እዚያው ታክማለች፤ የቀረውን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ቤት ድረስ ሄዳ እናትየዋን ታሳያለች። ሙከራው ሠርቶ ተጨማሪ ነርሶች ተቀጠሩ። በመስከረም 1902 በሕመም ምክንያት ከክፍል የተባረሩት ልጆች ከ10 ሺህ በላይ ነበሩ፤ በመስከረም 1903 ወደ 1,100 ገደማ ወረዱ።