«ፊልጶስም ሮጦ»

ሰሞኑን በየለቅሶው ደጋግሜ የምሰማው ንግግር አለ። «ወይኔ፣ ልጠይቀው ልጠይቀው እያልኩ!» የሚለው ሰው ከልቡ ነው የሚያለቅሰው። ሟቹ ግን ወራት አልጋ ላይ ነበር። ሲሞት እድርተኛው ወዲያው ደርሶ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይደረድራል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። ለሬሳ እንዲህ የምንፈጥን ሰዎች ለሕመምተኛው ምነው እግራችን ተሳሰረ? እድርን አልነቅፍም፤ ለቅሶ መድረስ የአባቶቻችን መልካም ሥርዓት ነው። የሚያሳዝነኝ ቀደም ብሎ ሰው መጥፋቱ ነው።

ይህ እየከነከነኝ ዕብራውያን 2፥18ን አነበብኩ። ስለ ጌታችን «እርሱ ራሱ ተፈትኖ መከራን ስለ ተቀበለ የሚፈተኑትን ሊረዳቸው ይችላልና» ይላል። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የእንግሊዞች መጽሐፍ ቅዱስ እዚህ ላይ «ሳከር» የሚል የእርዳታ ቃል አለው። ዛሬ በተራ ወሬ ብዙም አይሰማም፤ ውጭ ያደጉ ልጆቻችንንም ግር ሊላቸው ይችላል። በፈረንሳይኛ በኩል የገባ የላቲን ቃል ነው፤ «ከሥር» እና «መሮጥ» ከሚሉ ሁለት ቃላት ተገጣጥሟል። ወደተቸገረው ሮጦ መድረስ ማለት ነው። ሐዋርያው የጻፈበት የግሪኩ ቃል ደግሞ ይብሳል፤ እርሱ «ጩኸት»ን ከ«መሮጥ» ጋር አጣምሮ ይዟል። ጩኸት ሰምቶ የሚሮጥ!

ዳዊትም የለመነው ይህንኑ ነው፦ «አቤቱ፥ እኔን ለመርዳት ፍጠን» (መዝ. 69፥1)።

አሁን ዲያቆኑን ፊልጶስን እዩት። ስንክሳሩ ጥቅምት 14 ያነሣዋል። ዕለቱ በእኛ ዘንድ በአቡነ አረጋዊ ስለሚታወቅ ብዙዎቻችን ልብ ሳንለው እናልፋለን። ባለውለታችን ነው እኮ! ከሰባቱ ዲያቆናት አንዱ ነበር። በኢየሩሳሌም መበለቶች በዕለት ምግባቸው ችላ ስለተባሉ ማዕድ እንዲያገለግል ተሾመ (ሐዋ. 6)። የተራበ ሰው እንደማይቆይ ከዚያ የተማረ ይመስለኛል።

ወደ ጋዛ በሚወስደው ምድረ በዳ የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ጃንደረባ፣ የገንዘቧ ሁሉ አዛዥ፣ ሰረገላው ላይ ሆኖ ኢሳይያስን ያነባል። መንፈስ ቅዱስ ፊልጶስን «ወደዚህ ሰረገላ ቅረብና ተገናኝ» አለው። ቅረብ ነው ያለው። ቀጣዩን ቁጥር ቀስ ብላችሁ አንብቡት፦ «ፊልጶስም ሮጦ…»። ሩጫውን ማን አዘዘው? ፍቅር ነዋ! ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ያ የኢትዮጵያ ሰው ስለሚታረደው በግ አንብቦ፣ ማን እንደሆነ ሳይገባው አገሩ በገባ ነበር። ደርሶም ስብከቱን አላዘነበበትም፤ «በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። ፊልጶስ ሰረገላው ላይ ወጣና አጠገቡ ተቀመጠ። ወንጌሉም ጥምቀቱም የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ «እጸልይልሃለሁ» ብለን ስልክ የምንዘጋው ነገር ያስፈራኛል። ጸሎት ታላቅ ነው። ያዕቆብ ግን የታረዘውንና የተራበውን «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ የሚሸኘውን ሰው «ምን ይጠቅማል?» ይለዋል (ያዕ. 2፥16)። የቤት ኪራይ ያጣ ሰው ዕቃው ደጅ ከወጣ በኋላ ከንፈር ብንመጥለት ምን ይሆንለታል? ልጇን ታቅፋ ሆስፒታል ወረፋ የያዘች እናት የምትፈልገው አሁን አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ነው፤ ልጁን ይዞላት ውኃ እንኳ እንድትጠጣ። ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅታችን ስልኳን የምታነሣው ሥራዋን ስትጨርስ፣ በውድቅት ሌሊት ሊሆን ይችላል። መልእክቷን አይተን «ነገ እመልስላታለሁ» ብለን እንተኛለን። ነገ ስልኩ በእጇ ስለመኖሩ ማን ዋስ ሆነን?

ጮኻችሁ ሰው ያልደረሰላችሁ ደግሞ አላችሁ። ለእናንተ የምለው ሌላ ነው። ጌታችን በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሎ ለሚወዳቸው ነገራቸው። ተመልሶ ሲመጣ ተኝተው አገኛቸው። «አንዲት ሰዓት እንኳ ልትተጉ አልቻላችሁምን?» አለ። ያቺን ሌሊት በሥጋው አልፎባታል። ወዳጅ እንቅልፍ ሲጥለው ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ ሐዋርያው «ራሱ ተፈትኖ» ያለውም ይህን ነው። አሁንም በዳዊት ቃል ጥሩት፣ አትፈሩ፣ አትሸማቀቁም። ሰው ቢዘገይባችሁ እርሱ ይሰማችኋል።