ማክሮ ሆድ ውስጥ ያለ ማክሮ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ማክሮ ማለት ለሚደጋገም የአሴምብሊ (የፕሮሰሰር ትእዛዞች በቃላት የሚጻፉበት ቋንቋ) ኮድ የምናወጣለት ስም ነው። ስሙን ስንጽፍ አሴምብለሩ፣ ማለትም ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም፣ በቦታው ኮዱን ይተካልናል። ነገሩ የሚወሳሰበው አንዱን ማክሮ ሌላው ሆድ ውስጥ ስንገልጸው ነው።

«ውጪኛው ከተገለጸ ውስጠኛውም አብሮ ተገልጿል»

አልተገለጸም። ዋናው ስህተት ይሄ ነው፤ እኔንም አንድ ሙሉ ምሽት አስጨርሶኛል። ለማንበብ እንዲመች ኮዱን በፊደላችን ልጻፈው («ኤንድኤም» የማክሮ መዝጊያ ነው፤ «ሙቭ ኤኤክስ፣ 5» ደግሞ 5ን ኤኤክስ በሚባለው የፕሮሰሰሩ ማስቀመጫ ውስጥ ያስገባል)፦

ማክሮ እናት
    ማክሮ ልጅ
        ሙቭ ኤኤክስ፣ 5
    ኤንድኤም
ኤንድኤም

አሴምብለሩ ይህን አንብቦ የሚመዘግበው «እናት»ን ብቻ ነው። «ልጅ» ለጊዜው እናትየው ሆድ ውስጥ ያለ ተራ ጽሑፍ ነው። ወዲያው «ልጅ» ብላችሁ ብትጠሩ ኢረር ይመጣል፤ እንዲህ የሚባል ትእዛዝ አይታወቅም። መጀመሪያ «እናት» ትጠራ። ያኔ የያዘችው ጽሑፍ ይዘረገፋል፣ አሴምብለሩም እዚያ መሃል አዲስ ማክሮ ያገኛል። «ልጅ» የሚወለደው ያን ጊዜ ነው።

ይሄ ባህሪ ጥቅም አለው። ሁለት «እናቶች» አዘጋጁ፤ አንዷ ለአንዱ ፕሮሰሰር፣ ሌላዋ ለሌላው። የልጆቹ ስም አንድ ይሁን፣ ኮዳቸው ግን ይለያይ። ፕሮግራሙ አናት ላይ የምትፈልጓትን እናት ጠርታችሁ የቀረውን ሳትነኩት ትሠራላችሁ።

«አሴምብለሩ መጀመሪያ ያገኘው ኤንድኤም ላይ ያቆማል»

እንዲያ ቢሆን «እናት» በልጁ ኤንድኤም ተዘግታ፣ የታችኛው ባለቤት አልባ ይቀር ነበር። አሴምብለሩ ይቆጥራል። ማክሮ ሲያይ አንድ ይጨምራል፣ ኤንድኤም ሲያይ አንድ ይቀንሳል። ከላይ ባለው ኮድ ቆጠራው 1፣ 2፣ 1፣ 0 ይሄዳል። የሚያቆመው 0 ላይ ነው።

«በአንደኛው ዙር ማክሮዎቹን ሁሉ ሰብስቦ በሁለተኛው መተካት ይበቃል»

ዙር ማለት አሴምብለሩ ኮዱን ከላይ እስከ ታች አንዴ ማንበቡ ነው። ለተራ ማክሮ ይበቃል። እዚህ ግን የ«ልጅ» ፍቺ የሚገኘው በመተካቱ ሥራ መሃል ነው። ስለዚህ መመዝገቡና መተካቱ በአንድ ዙር እየተፈራረቁ መሄድ አለባቸው።

«ውስጠኛው የሚታወቀው ውጪኛው ውስጥ ብቻ ነው»

ይሄ ውስጡ የተገለጸው ውጭ ከማይታወቅበት ከፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ) ፈንክሽን የመጣ ልማድ ይመስለኛል። «ልጅ» አንዴ ከተወለደ ከዚያ በታች የትም ይጠራል።

«የሁለቱ ፓራሜትር ስም ቢመሳሰል ምን ችግር አለው?»

አለው እንጂ! ፓራሜትር ማክሮው ሲጠራ የምንሰጠውን ዋጋ የሚይዝ ስም ነው። ጂኤንዩ በሚባለው አሴምብለር የሁለቱንም ፓራሜትር «ቁጥር» ብላችሁ «እናት 7» ብትጠሩ፣ ልጁ ኮድ ውስጥ ያለው «ቁጥር» እዚያው 7 ሆኖ ይቀራል። በኋላ «ልጅ 9» ብትሉ የሚገባው ያው 7 ነው። ኢረርም አይመጣ! ስሞቹን ለያዩ።

«ማክሮ በማክሮ ሲሆን ፕሮግራሙ ይወፍራል»

ፍቺ ብቻውን አንድ ባይትም አይወጣውም። የላይኛዋን «እናት» ብትጠሩ የሚጨመረው 0 ባይት ነው። «ልጅ» ሲጠራ ግን በ16 ቢት ሞድ 3 ባይት ይወጣል፤ አሥር ጊዜ ከጠራችሁት 30።